ከጅማ ተነስቶ የባህር ወፍ ለማየት፦ ጅቡቲ፣ ዋታሙ፣ ፔምባ ወይስ ሲሼልስ?

ጅማ ላለ ወፍ ወዳድ ጫካ ብርቁ አይደለም። እስከ በለጠ ጌራ ወጣ ቢል ሶርት ክንፉን ገልጦ ቀዩን ያሳየዋል። ሆርንቢል የሚባለው ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር የክንፉ ድምፅ ወፉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ቦዬ ረግረግ ላይ ደግሞ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን አለ። የሌለን ባህር ነው።

ለዚህ ነው ቡና ተፈልቶ "የባህር ወፍ ለማየት የት እንሂድ?" የሚል ወሬ ከተነሳ ክርክሩ የሚጦዘው። አንዱ "ጅቡቲ አፍንጫችን ስር ሆና ምን ያስጨንቀናል?" ይላል። ሌላዋ ከዛንዚባር ወዲያ ላሳር ትላለች። ኪሱ የሞላ ሲሼልስን ይጠራል። እኔ ደግሞ የኬንያዋን የባህር ዳር ከተማ ዋታሙንና የዛንዚባር ጎረቤት የሆነችውን ደሴት ፔምባን እጨምራለሁ። እኔም አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከጅማ የሚነሳ ሰው ለነጭ አሸዋ ወይም ለዛፍ ጥላ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ከሄደ ገንዘቡን አባክኗል። መክፈል ያለበት ለጭቃ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጭቃው

ጣናም ሆነ ላንጋኖ ጠዋት ያየነው ውሃ ማታም እዚያው ነው። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። በኬንያ ዳርቻ በእነዚህ ቀናት ውሃው 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

ውሃው ሲሸሽ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ትቶ ይሄዳል። ውስጡ ትል፣ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ሸርጣን ሞልቶታል። ከሳይቤሪያና ከመካከለኛው እስያ ብርድ የሸሹ ወፎች የሚወርዱት እዚህ ላይ ነው። መንቁራቸውን አይቶ ማን ምን እንደሚበላ መገመት ይቻላል። ዊምብረል የሚባለው ትልቁ ወፍ መንቁሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ የሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ ይሰደዋል። ቴሬክ ሳንድፓይፐር በተቃራኒው ወደ ላይ የቀና መንቁር ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዕቃ ረስቶ እንደሚመለስ ሰው ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ፕሎቨሮች አጭር መንቁርና ትልቅ ዓይን አላቸው። ሮጥ ይላሉ፣ ቀጥ ይላሉ፣ አይተው ይነጥቃሉ።

ብዙ ሰው ሆቴል የሚይዘው ፎቶው ላይ ሰማያዊ ውሃና ነጭ አሸዋ አይቶ ነው። እንዲህ ያለው ዳርቻ ለዋና ሸጋ ነው፤ ወፍ ግን እምብዛም አያርፍበትም። ስትደውሉ "ከባህሩ ስንት ሜትር ይርቃል?" የሚለውን ተዉትና "ውሃው ሲጎድል ጭቃ የሚወጣው የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የስልኩ ማዶ ያለው ሰው ግራ ይገባው ይሆናል፤ ግድ የለም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ውሃው ጨርሶ ከጎደለ ወፉ ሩቅ ይሄድና ነጥብ ያህል ይሆናል። ጨርሶ ከሞላ ደግሞ ማንግሮቭ በሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ላይ ወይም አሸዋ ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ያንቀላፋል። የሚፈለገው መሃሉ ነው። ውሃው እየሞላ ሲመጣ ወፎቹን እየገፋ ወደ እናንተ ያቀርባቸዋል። ያኔ ከእናንተ የሚጠበቀው አርፎ መቀመጥ ብቻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን እዚሁ ቦዬ ላይ ዓይናችሁን አሟሹ። በበጋ ረግረጉ ዳር ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ቡናማ ወፎች አሉ። ግሪን ሳንድፓይፐርና ውድ ሳንድፓይፐር ናቸው። ቆመው ሳሉ ያምታታሉ። ሲበሩ የክንፋቸውን ስር እዩ፤ የግሪኑ ጥቁር ነው፣ የውዱ ፈዘዝ ያለ ነው። ይህን መለየት የቻለ ሰው ባህር ዳር ሄዶ ግራጫ ወፍ ሁሉ አንድ አይሆንበትም።

መቼ ይኬዳል?

ቡናችን የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ቡናው ተሸጦ እጅ ላይ ትንሽ ብር ሲቀር ጥር ይገባል። መምህሩና ተማሪውም በዚያ ሰሞን ትንሽ እረፍት ያገኛሉ። ደግነቱ የባህር ዳር ወፍ ወቅትም ይኸው ነው። ከሰሜን የሚመጡት ከነሐሴ መጨረሻና ከመስከረም ጀምሮ ይደርሳሉ፣ በበጋው ይከርማሉ፣ ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ።

ብዛት ለሚፈልግ ጥር ይሻላል። መልክ ለሚፈልግ ደግሞ መጋቢት መጨረሻ። በጋውን ሙሉ ግራጫ ሆኖ የከረመው ከርሉ ሳንድፓይፐር ለመንገድ ሲዘጋጅ ደረቱ የጡብ ቀለም ይይዛል። ያኔ ለጀማሪም ይለያል።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው በኬንያና በታንዛኒያ ዳርቻ ትልቁ ዝናብ ነው፤ ቢቀር ይሻላል። ያኔ የምታገኙት ጭቃ የመኪና ጎማ የሚውጠውን ዓይነት ነው። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት የካቲት ላይ እያረፈ ነው። ለጅማ ሰው ረመዳን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ዛንዚባር ላይ ቀን ምሳ መፈለግ ይከብዳል፣ ፔምባ ላይ ደግሞ ከሆቴል ውጭ ጭራሽ። የሚጾም ሰው የጀልባው ሰዓት ከማፍጠሪያው ጋር እንዳይጋጭበት ብቻ ይይ።

ጅቡቲ፦ ቅርብ ናት፣ ግን ቀላል አይደለችም

በርቀት ጅቡቲን የሚወዳደራት የለም። ከቦሌ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጊዜ ያለው ለቡ ሄዶ ባቡሩን ይይዛል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀን ሙሉ ይወስዳል። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ነው። ቋንቋም አያስጨንቅም፤ ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም። የአልጋ ዋጋው ግን ጅማን ለለመደ ያስደነግጣል።

እዚያ ያለው ሀብት የቀይ ባህርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወፎች ናቸው። ዓሣ በሚራገፍበት ዳርቻ ላይ ሱቲ ጋልና ዋይት አይድ ጋል የሚባሉት ጥቁር ራስ ወፎች ይሻማሉ። ሁለቱም ከዚህ የዓለም ጥግ ብዙም አይርቁም። ዋይት አይዱን ከዓይኑ በላይና በታች ባለው ነጭ ሰረዝ ትለዩታላችሁ። ሪፍ ሄሮን የሚባለው ሳቢሳም ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ አመድማ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ። ሁለት ዓይነት ወፍ አየሁ ብሎ የሚጽፍ ጀማሪ ብዙ ነው፤ ወፉ አንድ ነው። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ የአንድ ቀን መንገድ ናቸው፤ ደርሶ መልስ ማለቴ ነው። ኮራልም ማንግሮቭም አላቸው።

የጅቡቲ ትልቁ ትርኢት ያለው ግን ሰማይ ላይ ነው። ንስርና ቡዛርድ የሚባለው አዳኝ ወፍ ክንፍ ማራገብ አይወዱም፤ ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው ረጅም መንገድ የሚሄዱት። ባህር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ከየመን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ጠባቡን ይመርጣሉ። ባብ ኤል ማንደብ የሚባለው የባህር መተላለፊያ ጠባቡ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቅምትና ኅዳር ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች እዚያ ሲያልፉ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ስቴፕ ቡዛርድና ስቴፕ ንስር ነበሩ። ይህን ማየት የፈለገ የቡና ለቀማውን ለዘመድ ትቶ መሄድ አለበት። ቦታው በሰሜን ካለችው የኦቦክ ከተማ ወዲያ ስለሆነ ጠንካራ መኪና፣ በቂ ውሃና የአገሬው መሪ ይጠይቃል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይዘው የሚወጡበት መንገድ አይደለም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣልያን ጦር ሰፈሮች አሉ። ወደብ አጠገብ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ማንሳት ችግርን በስሟ መጥራት ነው። የዶራሌ ማንግሮቭ ደግሞ ከወደቡ ብዙም አይርቅም። ወፏ የፈለገችውን ያህል ብርቅ ትሁን፣ ወታደር ባለበት አቅጣጫ መነጽር አይነሳም። ከመሪ ጋር ውጡ፣ ከተጠየቃችሁ የወፍ መጽሐፉን አሳዩ።

ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለኖረ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀኑ ያልቃል።

ዋታሙ፦ የኔ ምርጫ

ዋታሙ የኬንያ ከተማ ናት። ከሞምባሳ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ ከማሊንዲ ትንሽ በስተ ደቡብ ትገኛለች። አንድ የመጀመሪያ ጉዞ ብቻ ምረጥ ከተባልኩ እሷን ነው የምለው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ወይ በቀጥታ ወደ ሞምባሳ መብረር፣ ወይ ናይሮቢ አርፎ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረውን ባቡር ይዞ ወደ ሞምባሳ መውረድ። ባቡሩ የጻቮን የዱር እንስሳት ፓርክ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ዝሆን በመስኮት ማየትም አለ። "በሞያሌ በመኪና" የሚሉትን አልመክርም፤ ለወፍ የሚሆነው ቀን አስፋልት ላይ ያልቃል። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ የሚሄድ ማታቱ ይዛችሁ ገዴ ላይ ወራጅ አለ በሉ። ማታቱ የኛ ሚኒባስ ነው፤ ከነግፊያው፣ ከነዘፈኑ። ከገዴ ዋታሙ በባጃጅ ቅርብ ነው። እነሱ ቱክ ቱክ ይሉታል።

እዚህ ያለው ጭቃ ሚዳ ክሪክ ይባላል። ባህሩ ወደ የብስ ዘልቆ የገባበት፣ ዙሪያውን ማንግሮቭ የከበበው ሰፊ ቦታ ነው። በማንግሮቩ መሃል የተንጠለጠለ የእንጨት መተላለፊያ አለ። ሲረግጡት ይወዛወዛል። መጨረሻው ላይ ለወፍ ማያ የተሠራች ጎጆ አለች። የመግቢያው ገንዘብ በአካባቢው ላሉ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ይውላል። ለዚህ ሲባል መከራከር አያምርም።

እዚያች ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠበቀው ንጉሥ ክራብ ፕሎቨር ነው። ነጭና ጥቁር ልብስ፣ ረጅም ግራጫ እግር፣ ወፍራም ጥቁር መንቁር። ስሙ እንደሚለው ሸርጣን ይበላል። ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሸርጣን ካየ ጥቂት እርምጃ ሮጦ ይወጋዋል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ጭቃው ላይ እየመታ እግሩን ካረገፈ በኋላ ነው የሚበላው። አጠገቡ ቆሞ የሚያፏጭ፣ ነጩ ወደ ግራጫ ያደላ ወፍ ካያችሁ ልጁ ነው። ከተፈለፈለበት አገር ይህን ሁሉ ባህር ተሻግሮ መጥቶም አሁንም "አጉርሱኝ" ይላል። ወላጆቹም ያጎርሱታል።

የሚፈለፈለው በቀይ ባህር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። ከሌሎቹ የባህር ዳር ወፎች የተለየ ጠባይ አለው። አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል። ፀሐይ ያሞቀችው አሸዋ መታቀፉን ስለሚያግዝለት እናትና አባት ጉድጓዱን ትተው ለምግብ መውጣት ይችላሉ።

ሰዓቱን ስታሰሉ ይህን ያዙ። በዚህ ዳርቻ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን ውሃው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይጎድላል፣ ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ነገሩ ይገለበጥና ጠዋቱ ይሻላል። ክሪኩ ውስጥ ውሃው ከውጭው ባህር ትንሽ ዘግየት ብሎ ስለሚደርስ የዕለቱን ሰዓት እዚያው ጠይቁ። ደስ የሚለው ነገር፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። ዓሣ አጥማጁ ጠዋት 4 ሰዓት ካላችሁ ረፋድ ማለቱ ነው። ከሆቴሉ ጋር ግን በፈረንጅ ሰዓት ተነጋገሩ።

ውሃው ለወፍ በማይመችበት ሰዓት ምን ይደረጋል? ዋታሙን ከሌሎቹ የሚያስበልጣት መልሱ ነው። ከሚዳ ክሪክ በአስፋልቱ ማዶ አራቡኮ ሶኮኬ ጫካ አለ። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከቀሩት ደረቅ ጫካዎች ትልቁ። ለዛፍ አትክፈሉ ያልኩትን አልረሳሁም። ይሄኛው ግን የኛን አይመስልም። የኛ እርጥብ፣ ደጋ የቀመሰ፣ ቡና የሚያበቅል ነው። ይሄ ቆላ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ቀይና ነጭ አሸዋ ላይ የቆመ። ወፉም ሌላ ነው።

ከሁሉም ሶኮኬ ስኮፕስ አውል የምትባለዋ ጉጉት ትለያለች። ቁመቷ ከ16 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከዚህ ጫካ ሌላ የምትገኘው ታንዛኒያ ውስጥ ኡሳምባራ ተራሮች ግርጌ ነው። አንዷ ግራጫ፣ ሌላዋ ቡናማ፣ ሌላዋ ቀይ ዳማ ልትሆን ትችላለች። ቀኑን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ተጠጋግተው ያሳልፉታል። የአገሩ መሪ ሳይዙ ማግኘት ዘበት ነው። መሪው ግን ትናንት የት እንዳደሩ ያውቃል። አንድ ሜትር ፈቅ ብሎ ጣቱን ሲቀስር እንኳ ደረቅ ቅጠል እንጂ ጉጉት አይታይም። ከዚያ ቅጠሉ ዓይኑን በስሱ ይከፍታል።

ክላርክስ ዊቨር የሚባለው ጎጆ ሠሪም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። የት እንደሚፈለፍል ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳካቻ በሚባለው አጎራባች አካባቢ ረግረግ ላይ ጎጆው ተገኘ። ጫካው ዳር ያሉ ገበሬዎች ደግሞ የቢራቢሮ ሙሽሬ እያረቡ ለውጭ ገበያ ይሸጣሉ። ኪፔፔዎ የሚባለው ይህ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በጫካ ቡና ለሚኖር የኛ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ጫካው ከቆመ ገንዘብ አለ።

ቀን ከተረፈ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን የሳባኪ ወንዝ አፍ አለ። ቡናማው ውሃ ባህሩን በሚቀላቀልበት አሸዋ ላይ ተርንና ጋል የሚባሉት የባህር ወፎች በመንጋ ይቀመጣሉ። ጉዞው የግድ በእኛ ክረምት የሆነበት ሰው የሰሜን እንግዶቹን አያገኝም። በምትኩ ከዋታሙ ፊት ለፊት ባለችው ዌል አይላንድ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ሮዚየትና ብራይድልድ ተርን ይፈለፍላሉ። ጀልባ ይዞ ሳይወርዱ ከሩቅ ማየት ነው።

የማይወደድ ወፍም አለ። ከሞምባሳ ጀምሮ አንገቱ ግራጫ የሆነ ቁራ የማትደርሱበት ጥግ የለም። የሕንድ ቁራ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ዛንዚባር ገብቶ ዳርቻውን አዳረሰው። የሌላውን ወፍ እንቁላልና ጫጩት ይዘርፋል፣ የእናንተንም ቁርስ እንዲሁ።

ዛንዚባር ወይስ ፔምባ?

ሰው ሁሉ ዛንዚባር የሚለው ኡንጉጃን ነው፤ ድንጋያማው ጥንታዊ ከተማ ያለበትን ደሴት። ለሙሽሮች ጥሩ ነው። ለወፍ ግን ከጎኑ ያለችው ፔምባ ትበልጣለች፤ ምክንያቱ ያለው ባህሩ ስር ነው።

በኡንጉጃና በዋናው መሬት መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም። በበረዶ ዘመን የባህሩ ከፍታ ሲቀንስ ደሴቱ ከአፍሪካ ጋር ተያይዞ ነበር። እንስሳውም ወፉም በእግሩም በክንፉም ተመላልሷል። ስለዚህ ኡንጉጃ ላይ የምታዩት ወፍ አብዛኛው ዋናው መሬት ላይም አለ። ፔምባን ግን ከመሬቱ የሚለየው ገደል ነው፤ ብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት አለው። ብቻዋን ስለቆየች የራሷን ወፎች አወጣች። ፔምባ ግሪን ፒጅን የሚባለው አረንጓዴ እርግብ፣ ፔምባ ስኮፕስ ጉጉት፣ ፔምባ ሰንበርድና ፔምባ ዋይት አይ ከእሷ ሌላ የትም የሉም። አራቱም የሚፈለጉት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ባለው የንጌዚ ጫካ ነው። ሰንበርዱና ዋይት አዩ የቅርንፉድ እርሻ ውስጥም ይገኛሉ፤ ቤት የለመዱ ናቸው። ጉጉቱን ለማግኘት ማምሸት ያስፈልጋል። የፔምባ ትልቁ ፍሬ በል የሌሊት ወፍም የዚያችው ደሴት ብቻ ነው። ወፍ አይደለም፣ ግን ሲመሽ በሰማይ ሲያልፍ አንገቱን የማያቃና የለም።

ዝርዝር የሚያሳድድ፣ አዲስ ስም ካልመዘገበ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ፔምባ ይሂድ። ከኡንጉጃ በመርከብ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ይደረሳል። ሆቴሉ ጥቂት ነው፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፣ ቢራ ብርቅ ነው። ነገር ግን አራት ወፍ ለማየት ሁለት ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው እረፍት ነው።

ኡንጉጃ ላይ መቅረት የግድ ከሆነ ሁለት ቦታ ልጠቁም። ጆዛኒ ጫካ ፊሸርስ ቱራኮ አለ፣ የሶርት ዘመድ። ሌላው ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ውሃው ሲሸሽ ሴቶች የባህር አረም እርሻቸውን ሊያዩ ወደ ውስጥ ይወርዳሉ፣ ወፎቹም ከእነሱ ራቅ ብለው ይበላሉ። ሪዞርቶቹ የተሰለፉበት ዳርቻ እንኳ በዚያ ሰዓት ወፍ አያጣም። የሴቶቹን እርሻ አትርገጡ፣ ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሱ።

ሲሼልስ

አጭር ልበል፤ ዋጋው ራሱ አጭር ያደርገዋል። ሲሼልስ ላይ የምትከፍሉት ለቅርበት ነው። ወፉ ሰው አይፈራም። ከፕራስሊን በጀልባ የሚደረስባት ከዘን ደሴት ላይ ነጭ ተርን ያለ ጎጆ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እንቁላሏን አስቀምጣ ትታቀፋለች። ጫጩቷ ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ቅርንጫፉን ጨብጦ አለመውደቅ ነው። ይህን በአንድ ክንድ ርቀት፣ ያለ ባይኖኩላር ታያላችሁ። እዚያው ደሴት ላይ ሲሼልስ ዋርብለር እ.ኤ.አ. በ1968 ሰላሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ደሴቱ ተገዝቶ፣ የኮኮናቱ እርሻ ለተፈጥሮው ጫካ ተለቆ ዛሬ ወፉ በሺዎች ሆኗል፤ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተወስዷል። አይጥ እንዳይገባ የውጭ ጀልባ ዳርቻው ላይ አይቆምም፤ መሃል ባህር ላይ ወደ ደሴቱ ጀልባ መዘዋወር ነው።

ጭቃ ግን ብዙም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር ለሚያይ ወፍ ወዳድ፣ ያንኑ ገንዘብ ይዞ ዋታሙ ሁለት ጊዜ መሄድ ይቻላል። የጫጉላ ሽርሽር ከሆነና ሌላው ወገን ወፍ የማይወድ ከሆነ ሲሼልስ ጥል ያስቀራል።

ወረቀትና ዕቃ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ኬንያም ታንዛኒያም ከኢትዮጵያ ከሚመጣ ሰው ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከመሄድ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዛንዚባር ደግሞ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ በ44 ዶላር እንዲገዛ ታዛለች፤ ፔምባም በዚሁ ውስጥ ናት። የመግቢያ ፈቃድ ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የየአገሩን ኤምባሲ ጠይቁ። የውጭ ምንዛሪውን ለመጨረሻ ሳምንት አትተዉት፤ ባንክ ፓስፖርትና ትኬት አይቶ ነው የሚሸጥላችሁ።

ዕቃን በተመለከተ፣ ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ያለው 8 በ42 ባይኖኩላር ይግዛ፤ 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። 10 በ42 ሩቅ ያሳያል፤ ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጫካ ውስጥም ይጨልማል። ባህር ዳር ላይ የእውነት የሚያስፈልገው ቴሌስኮፕ ነው። ለአንድ ጉዞ ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም፤ ሚዳ ክሪክ ላይ ቴሌስኮፕ ያለው መሪ መቅጠር ይረክሳል። ሦስት አራት ሆኖ መሄድ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ የመሪው ክፍያ ይከፋፈላል፣ አንዱ ሲያይ ሌላው ያርፋል።

ይዛችሁ የምትወጡትን መነጽር ስትሄዱ ቦሌ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡና ወረቀቱን ያዙ። ስትመለሱ "ይህ ከየት መጣ?" የሚለው ጥያቄ በዚያች ወረቀት ያልቃል። ባህር ዳር በቆያችሁበት ቀን ሁሉ ማታ ማታ መስታወቱን እንዲሁ በደረቁ አትጥረጉ፤ ጨውና አሸዋው ይፍቀዋል። መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አብሱት።